አንድ ሰዓት ከአሥር

"ቦራ! አንቺ ቦራ! ዛሬስ እግርሽን ነው የምሰብረው!"

ይርጉ ዱላውን እያወዛወዘ በእርጥቡ ሣር ላይ ሮጠ። ቦራ የአልጣሽ ላም ናት። በዲላ ዙሪያ ያለው ሣር ሁሉ አልበቃ ብሏት፣ ማክሰኞ በመጣ ቁጥር አጥር ጥሳ የአውሮፕላኑ ማረፊያ መካከል ካልጋጠች የጠገበች አይመስላትም። ሌሎቹ ከብቶች ደግሞ የእሷን ጭራ ተከትለው ይገባሉ። ይርጉ ደመወዝ የሚከፈለው እነሱን ለማስወጣት ነው። እርግጥ ሌላም ብዙ ሥራ አለው፤ ሣሩን ያጭዳል፣ ዝናብ የቦረቦረውን ይደለድላል፣ የነፋሱን አቅጣጫ የሚያሳየውን ቀይና ነጭ ጨርቅ እንጨት ላይ ይሰቅላል፣ አውሮፕላኑ ሲቆም ከጎማው ሥር የእንጨት ሽብልቅ ያስገባል። ሰው የሚያውቀው ግን ላም ሲያባርር ነው።

"ምነው ጋሽ ይርጉ፣ ላሜን ልትገድለው ነው?" አለች አልጣሽ ወንዱንና ሴቱን በሚያደበላልቅ አማርኛዋ፣ ከአጥሩ ማዶ፣ ለተሳፋሪ የምትሸጠውን ሙዝ በኮባ ቅጠል ላይ እየደረደረች።

"እሷ እኔን ሳትገድለኝ በፊት ነዋ! አውሮፕላኑ ላም ላይ ቢያርፍ ማን ሊጠየቅ ነው?"

"አውሮፕላኗ ይጠብቃ! ቦራ ነው ቀድሞ የመጣው። ሜዳው የሱ ነበር።"

ይርጉ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። ላሚቱን በዱላው ጫፍ ጎን ጎኗን እየነካካ አስወጣትና የአጥሩን መዝጊያ አግዳሚ መለሰ። ከዚያ የግራ እጁን ከፍ አድርጎ ሰዓቱን አየ። ሰዓቱን ልጁ ዘነበ በመጀመሪያ ደመወዙ ገዝቶ የላከለት ነው። ሦስት ሰዓት ከሩብ ይላል። አውሮፕላኑ አራት ሰዓት ላይ ይደርሳል።

ይህ የሆነው በ1958 ዓ.ም.፣ በሚያዝያ ዝናብ ነው። ከዲላ ወደ ጪጩ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለችው የሣር ሜዳ በሳምንት አንድ ቀን፣ ማክሰኞ ማክሰኞ፣ አውሮፕላን ታስተናግድ ነበር። ከአዲስ አበባ የመጣው አውሮፕላን ዲላ ትንፋሹን ሰብስቦ በቀጥታ ማጂ ይሄዳል፤ ከማጂ ጅማ፣ ከጅማ ወደ አዲስ አበባ ይመለሳል። ይርጉ በአውሮፕላን ተሳፍሮ አያውቅም። ግን የየአገሩን ርቀትና ደቂቃ ከአብራሪዎቹ ለቃቅሞ በቃሉ ይዞ ነበር። የመሄድ ሐሳብ የሌለው ሰው እንኳ ገበያ ላይ ሲያገኘው ለመሳቅ ያህል ይጠይቀዋል።

"ይርጉ፣ ማጂ በአውሮፕላን ስንት ነው?"

"ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር። አንድ ሰዓት ከአሥር። ነፋሱ ከፊት ከሆነ አንድ ሰዓት ከሩብ።"

ማጂን ከሁሉ አስቀድሞ ያወቀው በልጁ ምክንያት ነበር። አንድ ልጁ ዘነበ መምህርነት ተምሮ ሲጨርስ ዕጣ ወጥቶ ማጂ ተመደበ። እናቱ ማንጠግቦሽ ያን ቀን እህል አልቀመሰችም። ማጂ ማለት በምድር የሚኬድ ቢሆን፣ በሻሸመኔ አዲስ አበባ፣ ከዚያ ጅማ፣ ከዚያ ቦንጋ፣ ከዚያ ደግሞ በበቅሎ ጫካ ለጫካ ነው። መንገዱ በቀናው እንኳ ሁለት ሳምንት ይፈጃል።

"ልጄን የት ወሰዱብኝ?" እያለች ስታለቅስ ይርጉ አጠገቧ ተቀምጦ፣

"የት ወሰዱት ትያለሽ! አንድ ሰዓት ከአሥር እኮ ነው። እህትሽ ያለችው ፍስሐ ገነት ከተማ ነው፤ እሷ ዘንድ በእግር ስትሄጂ ቀኑ አይመሽብሽም? ዘነበ ከእህትሽ ይቀርባል" አላት።

እሷም አምና ማልቀሷን ተወች። ባሏ ላም ያባርር እንጂ የአውሮፕላን ሰው ነው፤ እሱ ያለው እንዴት ይሳሳታል? ከዚያ ወዲህ በየማክሰኞው አንድ ነገር ትቋጥራለች፤ ይርጉ ለረዳት አብራሪው ይሰጣል፤ ማጂ ላይ ዘነበ ይቀበላል። ያን ማክሰኞ የቋጠረችው ክረምቱን ሁሉ የፈተለችውን ጋቢ ነበር። ማጂ ብርድ ነው ብሎ ጽፎላት ነበር።

ይርጉ ጋቢውን ሊያስመዝን ሜዳው ዳር ትኬት የሚቆረጥባት የቆርቆሮ ቤት ውስጥ ሲገባ ሁለት ሰዎች ወሬያቸውን ቀጥ አደረጉ። አንዱ የአየር መንገዱ ወኪል ገሪማ ነው፤ ከትግራይ የመጣ፣ ገና ሚስት ያላገባ፣ ትኬት የሚቆርጥና በሬዲዮ የሚነጋገር ሰው። ሌላው ወልደዮሐንስ ነው፤ የእድሩ ዳኛ፣ የይርጉ የሃያ ዓመት ጎረቤት፣ ዘነበን በትከሻው ተሸክሞ ያሳደገ። ወልደዮሐንስ እጁን ከኮቱ ኪስ ሳያወጣ ቀና አለ።

"ወልዴ፣ ምን እግር ጣለህ በጠዋቱ?"

"እንዲያው... አውሮፕላኑን ልየው ብዬ።"

"ዛሬ ገና! ሰይጣን የሚነዳው ጋሪ ነው ትል አልነበር?"

ወልደዮሐንስ አልሳቀም። "ይርጉ፣ እህል ቀምሰህ ነው የወጣኸው?" አለው።

"ቆጮ በልቼ ነው የወጣሁት። ምነው?"

"ደግ አደረግህ" አለና ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

ገሪማ ጋቢውን መዘነ። ክብደቱን ጽፎ ሰረዘና እንደገና ጻፈ። ድንገት ቀና ብሎ፣

"ጋሽ ይርጉ፣ ዛሬ ሁለት ወንበር ባዶ ነው" አለ።

"ታዲያ ምናለበት፣ አንተ ተንፈላሰስባቸዋ!"

ወልደዮሐንስ ገሪማን ትክ ብሎ አየው። ገሪማም አንገቱን ደፋ። ይርጉ ይህን ሁሉ ያየው በኋላ ነው፤ ማለትም ያቺን ጠዋት ደቂቃ በደቂቃ እየመነዘረ ሲያስታውሳት። ያን ጊዜ ግን ሐሳቡ ሁሉ አጥሩና ቦራ ላይ ነበር።

አውሮፕላኑ በሰዓቱ መጣ። ይርጉ ሽብልቁን አስገባ፣ ጭነት አወረደ፣ የቡና ናሙና ጫነ፣ ጋቢውን ለረዳት አብራሪው በእጁ ሰጠና "አደራ፣ ለመምህር ዘነበ" አለው። አራት ሰዓት ከአርባ ላይ ሽብልቁን አወጣ። አውሮፕላኑ በሜዳው ጫፍ ዞሮ፣ ጭቃውን እየረጨ ሮጦ ተነሣና በአባያ ሐይቅ በኩል ደመናው ውስጥ ገባ። ይርጉ እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ እስኪጠፋ ድረስ ተከተለው።

"ለስድስት አሥር ጉዳይ ላይ ልጄ ጋቢውን ይለብሳል" አለ ለወልደዮሐንስ።

ወልደዮሐንስ አጥሩን ተደግፎ መሬት መሬት ያይ ነበር።

በማግስቱ ጎህ ሳይቀድ በሩ ተንኳኳ። በዚያ ሰዓት በር የሚንኳኳው ለምን እንደሆነ የማያውቅ ሰው የለም። ማንጠግቦሽ ገና በሩ ሳይከፈት "ማንን ነው? ማንን ነው?" እያለች ተነሣች። ሰባት ወንዶችና አራት ሴቶች ጋቢያቸውን አጣፍተው ገቡ። ሴቶቹ ማንጠግቦሽን ከግራና ከቀኝ ያዟት። ከኋላቸው የጸሎት ቤቱ ሽማግሌ መጽሐፍ ቅዱሱን ደረቱ ላይ አድርጎ ቆሟል።

"ይርጉ ወንድሜ" አለ ወልደዮሐንስ። "ጠንከር በል። ሁላችንም በዚያው መንገድ ነን። ዘነበ... ዘነበን ጌታ ወሰደው።"

የማንጠግቦሽ ጩኸት ሰፈሩን ቀሰቀሰው። ፊቷን በጥፍሯ ስትቧጥጥ ሦስት ሴቶች እጇን ማስጣል አቃታቸው። ይርጉ አልጮኸም። መደቡ ላይ እንደተቀመጠ የእጁን ሰዓት እያየ ቀረ። እነዚያ ጥቃቅን ዘንጎች እየዞሩ ነው፤ የገዛቸው ልጅ ግን የለም። ይህ ነገር እንዴት ሊሆን እንደሚችል ሊገባው አልቻለም።

ድንኳን ተተከለ። እድርተኛው ተሰበሰበ። መዝሙር ተዘመረ፣ ተለቀሰ፤ ረቡዕ ዋለ፣ ሐሙስ ነጋ። ወልደዮሐንስ ከይርጉ ጎን አልተለየም፤ ውሃ ያቀምሰዋል፣ ጋቢውን ይደርብለታል፣ ሌሊት አጠገቡ ተኝቶ ሲቃዥ ይቀሰቅሰዋል። "ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት" ይሉ ነበር ለቀስተኞቹ እሱን እያዩ።

ሐሙስ ሦስት ሰዓት ገደማ ገሪማ በጭቃ እስከ ጉልበቱ ተለውሶ ድንኳኑ ውስጥ ገባ። ባርኔጣ የለውም፤ ጫማው አንዱ ወልቋል። ሰዎቹ ሊያለቅስ የመጣ መስሏቸው መንገድ ለቀቁለት። እሱ ግን ይርጉ ፊት ደርሶ ወረቀት ዘረጋ።

"አለ" አለ። "ጋሽ ይርጉ፣ ልጅዎ አለ! አልሞተም!"

ለቀስተኛው ሁሉ ወደ ወረቀቱ ተጠጋ።

"አንብበው" አለ ይርጉ።

ገሪማ እያለከለከ አነበበ። "'መምህር ዘነበ በተስቦው እንደታመመ ነው። ጋቢው ደርሶታል። አባቴ ማክሰኞ ለምን ቀረ እያለ ይጠይቃል። ምን እንበለው?' ዛሬ ጠዋት ነው የመጣው፣ አሁን፣ ከማጂ።"

መጀመሪያ እልል ያለችው አልጣሽ ናት። ከዚያ ድንኳኑ በእልልታ ተናወጠ። ሰው ተቃቀፈ፣ ተሳሳመ። "በቁሙ የተለቀሰለት ዕድሜው ይረዝማል!" አለ አንዱ። ማንጠግቦሽ የተቧጠጠ ፊቷን በሁለት እጇ ይዛ፣ እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች በማይለይ ድምፅ "ድንኳኑን አፍርሱልኝ! ልጄ በሕይወት እያለ ምን ድንኳን ነው? አሁኑኑ አፍርሱልኝ!" ትል ጀመር።

ይርጉ ብቻ አልተነሣም።

"ገሪማ" አለ፣ "ማክሰኞ ለምን ቀረ ማለት ምን ማለት ነው? እኔ መቼ ተጠርቼ?"

ገሪማ ወልደዮሐንስን አየ። ወልደዮሐንስ እጁን ወደ ኮቱ ኪስ ከተተና የታጠፈች ወረቀት አወጣ። ከላብ ብዛት ረጥባ ነበር። ይርጉ ማንበብ ይችላል፤ ዘነበ ነው ያስተማረው። "መምህር ዘነበ ይርጉ በጠና ታሟል። አባቱ በዛሬው አውሮፕላን ይምጣ" ይላል። ከታች ገሪማ ሰዓቱን ጽፏል፤ ማክሰኞ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል።

"እኔ ነኝ የከለከልሁት" አለ ወልደዮሐንስ። "ገሪማ አልበደለም፤ የእድሩ ዳኛ ነህ ብሎ ሲያማክረኝ 'እንንገራቸው፣ ይሳፈሩ' ብሎኝ ነበር። እኔ... እዚያ ድረስ አባት የሚጠራው ለሞተ ነው ብዬ አሰብሁ። ማን ሞተ ብሎ ይልካል? አንተን ብቻህን፣ ሰው በማታውቅበት አገር፣ ማን ወገብህን ይዞ ሊያረዳህ? በጠራራ ፀሐይ፣ ከብት መሐል ቆመህ እንድትረዳ አልፈለግሁም። እስከ ጎህ ድረስ ነው ያልሁት፣ ይርጉ። እስከ ጎህ ድረስ ብቻ።"

እግሩ ሥር ተደፋ። ይርጉ እግሩን ወደ ኋላ ሳበ። ሊመታው ይችል ነበር፤ ሰውም ቢመታው ደስ ባለው። ነገር ግን እዚያው እንደተቀመጠ በጣቶቹ ይቆጥር ጀመር። ከሁለት ሰዓት ተኩል እስከ አራት ከአርባ፣ ሁለት ሰዓት ከአሥር። በዚህ ጊዜ ቤቱ ሄዶ፣ ማንጠግቦሽን ተሰናብቶ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ መመለስ ይችል ነበር። ሁለት ወንበር ባዶ ነበር። ሽብልቁን ያወጣው በገዛ እጁ ነው። ጋቢው ሲሄድ እሱ ቀረ።

"የሚቀጥለው አውሮፕላን ማክሰኞ ነው" አለ በመጨረሻ፣ ለማንም ሳይሆን።

ገሪማ ለአዲስ አበባ በሬዲዮ ለመነ፤ ከማክሰኞ በፊት የሚመጣ እንደሌለ ተነገረው። በምድር እንሂድ ያሉም ነበሩ፤ ይርጉ ራሱን ነቀነቀ። ማክሰኞ ከዲላ የተነሣ አውሮፕላን አንድ ሰዓት ከአሥር ደቂቃ የሚፈጅበትን፣ ሐሙስ በእግሩ የተነሣ ሰው ሁለት ሳምንት ይሄደዋል። ከዚያ በኋላ የቆርቆሮዋን ቤት አልለቀቀም። ሬዲዮው ከማጂ ጋር የሚነጋገረው ጠዋት ጠዋት ብቻ ነው። ያን ዕለት "ማክሰኞ እመጣለሁ። ጠብቀኝ" ብሎ አስላከ። ዓርብ መልስ መጣ፤ "እሺ ብሏል። ሾርባ ቀምሷል።" ማንጠግቦሽ ያቺን "ሾርባ" የምትል ቃል ሦስት ጊዜ አስነበበችው። ቅዳሜ "ትኩሳቱ አልበረደም፤ ጋቢውን አላወልቅም ብሏል" የሚል መጣ። እሑድ ሬዲዮው ዝግ ነው።

ሰኞ ገሪማ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አድርጎ ሲጽፍ እርሳሱ መሐል ላይ ቆመ። ይርጉ ሣጥን ላይ ተቀምጦ እርሳሱን ያይ ነበር።

"ጋሽ ይርጉ፣ እስቲ... እስቲ ወደ ቤት እንሂድ" አለ ገሪማ።

"እዚሁ ንገረኝ።"

"ሽማግሌ ልጥራ። ነገ ጎህ ሲቀድ..."

"ገሪማ፣ ጎህማ አንድ ጊዜ ቀደደብኝ። ንገረኝ።"

"ትናንት ማታ" አለ ገሪማና ፊቱን ጠረጴዛው ላይ ደፋ።

ይርጉ ራሱ ሄዶ ለሚስቱ ነገራት። ቀን ነበር፤ ዘመድ አልተሰበሰበም፤ ወገቧን የያዛት እሱ ብቻ ነው። ድንኳኑ እንደገና ተተከለ፣ ሰውም እንደገና መጣ፤ ግን ማልቀሱን ማንም አልቻለበትም። እንባው ሁሉ ረቡዕ አልቆ ነበር። ማንጠግቦሽ የተቧጠጠው ፊቷ ገና ቅርፊት እየያዘ ነበርና የምትቧጥጠው ስፍራ አጣች።

ማክሰኞ ይርጉ ተሳፈረ። ቃል ገብቶ ነበር፤ "ማክሰኞ እመጣለሁ" ብሎ። ሽብልቁን ገሪማ አወጣለት። የለመዳት ሜዳ ከሥሩ ስትጠፋ፣ አባያ ሲያበራ፣ ተራራው እንደ ተጨማደደ ጨርቅ ሲታጠፍ አላየም። ያየው ሰዓቱን ነው። ኦሞን ተሻግረው፣ ዝቅ ብለው፣ ጎማው የማጂን ሣር ሲነካ፣ አንድ ሰዓት ከስምንት ደቂቃ ሆኖ ነበር። ነፋሱ ከኋላ ነበር ማለት ነው። ይህን ያህል አጭር መሆኑን እስከዚያ ቀን ድረስ አላወቀውም ነበር። ሲናገረው የኖረ ቁጥር ነው፤ ተቀምጦ ሲቆጥረው ግን የአንዲት የጸሎት ጉባኤ ያህል እንኳ አልሞላም።

መቃብሩ ላይ የወሰደው የክሊኒኩ ሐኪም ረዳት ነው። ሳይጠየቅ ነገረው።

"ያለፈው ማክሰኞ የአውሮፕላኑን ድምፅ ሲሰማ ተነሥቶ ተቀመጠ። 'አባቴ መጣ፣ ሸሚዝ ቀይሩልኝ' አለን። ቀየርንለት። ከሜዳው ጋቢው ብቻ ሲመጣ፣ 'ምናልባት ላም ገብቶበት ይሆናል' አለና ሳቀ።"

ይርጉ አዲሱ አፈር ላይ ተንበርክኮ ያን ጊዜ አለቀሰ።

በጅማና በአዲስ አበባ ዞሮ ዲላ ከተመለሰ በኋላ ወደ ሥራው ገባ። ሣሩን ያጭዳል፣ ቦራን ያባርራል። ማጂ ስንት ሰዓት ነው ብሎ የሚጠይቀው የዋህ ሲመጣ "እኔ እንጃ" ይላል። ወልደዮሐንስ የእድሩን ዳኝነት ተወ። በየማክሰኞው እየመጣ አጥሩ ሥር ይቆማል፣ "እንደምን አደርህ" ይላል፤ ይርጉ መልስ ሳይሰጠው ያልፋል። ወልደዮሐንስ ክፉ አስቦ ያደረገው ቢሆን ለይርጉ ይቀለው ነበር፤ ጠልቶት ያርፍ ነበር። በፍቅር የተነጠቀን የልጅ ስንብት ከማን ይጠይቁታል? የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም እያሉ ሰዎች ሊያስታርቋቸው ሞከሩ። ይርጉ ሰምቷቸው ሣሩን ማጨዱን ቀጠለ።

ሰኔ መጨረሻ ላይ ነው። የዚያን ማክሰኞ ጠዋት ሬዲዮው በዝናቡ ምክንያት ሲንጫጫ አርፍዶ የተስተካከለው አውሮፕላኑ ካረፈ በኋላ ነበር። ይርጉ ጭነቱን ጨርሶ ሽብልቁን ሊያወጣ ጎንበስ ሲል ገሪማ ከቤቷ ብቅ አለ። በእጁ ወረቀት ይዟል። ዛሬ ለማንም ሳይሆን በቀጥታ ወደ ይርጉ መጣ።

"ለአልጣሽ ነው" አለ በሹክሹክታ። "'ጸሐይ ሆስፒታል ገብታለች፤ እናቷ በዛሬው ትምጣ።' ከጅማ።"

ጸሐይ የአልጣሽ ሴት ልጅ ናት፤ ጅማ ተድራ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛለች። ይርጉ ወደ አጥሩ ዞረ። የሙዙ ስፍራ ባዶ ነው።

"አልጣሽ የታለች?"

"ጪጩ ገበያ ሄዳለች።"

የቡና ናሙና ሊያስጭኑ የመጡት አዲሱ የእድር ዳኛ አቶ ተክለጻድቅ ሰምተው ቀረብ አሉ። "ምስኪን!" አሉ ራሳቸውን እየነቀነቁ። "በወሊድ ሄዳ ይሆናል። እሷ ደግሞ ልበ ደካማ ናት፤ ሰማይ ላይ አንድ ነገር ብትሆንስ? እንግዲህ ዛሬ ዘመዶቿን እንሰብስብና ነገ በጎህ..."

የአውሮፕላኑ የቀኝ ሞተር ጭስ ተፍቶ ተነሣ። ጪጩ በእግር ደርሶ ለመመለስ ግማሽ ሰዓት ይፈልጋል። አብራሪው በመስኮቱ ብቅ ብሎ ሽብልቁን አንሣ ብሎ በእጁ ምልክት ሰጠ።

ይርጉ ወረቀቱን ከገሪማ እጅ ወሰደ። ወደ አጥሩ ሄደና ወልደዮሐንስ ፊት ቆመ። ከሚያዝያ ወዲህ ፊት ለፊት ሲተያዩ የመጀመሪያቸው ነበር። ሽማግሌው ከስቷል።

"ወልዴ" አለው፣ "ጪጩ ሩጥ። ይህን ለአልጣሽ ስጣት። ገበያ መሐልም ብትሆን፣ የት አባቷም ብትሆን ንገራት። ምንም አትደብቅ። ይዘሃት ና።"

ወልደዮሐንስ ወረቀቱን በሁለት እጁ ተቀበለ። ጋቢውን አጥሩ ላይ ጥሎ፣ በዚያ ዕድሜው፣ በጭቃው መንገድ እየተንሸራተተ ሮጠ።

ይርጉ ወደ አውሮፕላኑ አልተመለሰም። የአጥሩን አግዳሚ አነሣና ወደ ጎን ጣለው።

"ቦራ!" ብሎ ተጣራ። "ነይ! ነይ ግቢ!"

ላሚቱ ጆሮዋን አቁማ አየችው። ስንት ዓመት በዱላ ሲያባርራት የኖረ ሰው ነውና አላመነችውም። አንገቷን ይዞ ጎተታት። አንድ እግሯን አስገባች፣ ሁለት አስገባች፤ ከዚያ ሌሎቹ ከኋላዋ ጎረፉ፤ ሜዳው መካከል ደርሰው፣ አንገታቸውን ደፍተው መጋጥ ጀመሩ። አብራሪው በመስኮቱ ይጮኻል። ሞተሩ ቀስ ብሎ ጠፋ።

"ጋሽ ይርጉ!" ገሪማ እየሮጠ መጣ። "ምን ነካዎት? ከሥራ ያስወጡዎታል እኮ!"

"ይጠብቅ" አለ ይርጉ። "ሜዳው የቦራ ነበር።"

ዱላውን ከጀርባው በሁለት እጁ ይዞ ከብቶቹ መሐል ቆመ። ዓይኑን ከጪጩ መንገድ አልነቀለም። ሰዓቱን አንድም ጊዜ አላየውም።